እጠይቅልሃለሁ ያለን ሰው

ሰንበቴ ገበያ ግመሎቹ አጠገብ ተቀምጬ፣ የላባቸው ጠረን አፍንጫዬን ሞልቶት ሳለ፣ የልጅ ልጄ ዘይነባ ስልኳን ወደ አፌ አስጠጋችው።

«ጠይቁት አባባ። አዲስ የመጣ ነው፣ ስልኩ ራሱ እንደ ሰው ያወራል።»

«ኦሮምኛ ይችላል?»

«ከአንቱ ሳይሻል አይቀርም» ብላ ሳቀች።

እኔም ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር እገባለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ስለጠፋው ልጄ፣ ስለ አባቷ ጠየቅሁት። ሳቋን አቆመች።

«ይቅርታ፣ ስለ ልጅዎ መረጃ የለኝም» አለ ስልኩ፣ በተማረ ሰው ድምፅ።

እዚሁ ገበያ ልጅ ሳለሁም አላውቅም የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ታላቅ ወንድሜ ከነጋዴዎች ጋር ቆላ ወርዶ ሳይመለስ ቀረብንና፣ አባቴ እኔን አስከትሎ መጥቶ ከአንድ የአፋር ሽማግሌ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው በበትሩ አፈሩን ጫር ጫር እያደረገ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«ያልሰማሁትን አልነግርህም» አለው። «ግን መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቅልሃለሁ። እሱም ያገኘውን ይጠይቃል።»

ሽማግሌው ወራት ቆይቶ ተመለሰ። ወንድሜ በወባ መሞቱን፣ ማን እንዳጠበው፣ የተቀበረበትን ግራር ሳይቀር ነገረን። እናቴም አልቅሳ ለተዝያ፣ ለቀስተኛ ልትቀበል፣ ተቀመጠች።

እኔ ዛሬ ለልጄ ዱዓ የማደርገው ለሕያው ይሁን ለሟች አላውቅም። አፋሮቹም እንደኛው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል።

«ታዲያ ማንን ትጠይቅልኛለህ?» አልኩት ስልኩን።

«ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» አለኝ።