ዐፊፋ የፀነሰች የመሰላት ዓመት

ያን ዓመት ዐፊፋ ረመዳንን ከዳር እስከ ዳር ጾመች። ለአካለ ሔዋን ከደረሰች ወዲህ እንዲህ ሆኖላት አያውቅም። ሁልጊዜ ጾሙ ጋመስ ሲል ልማዷ ይመጣና ታፈጥራለች፤ ያጎደለችውን ቀን ደግሞ ዒድ ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሲበላ ሲጠጣ፣ ብቻዋን ትጾመዋለች። ዘንድሮ ግን ጠበቀች ጠበቀች፣ ደሙ ሳይመጣ ጨረቃ ታየች።

ዐፊፋ ከአሶሳ በታች ባለው ወንዝ ዳር ወርቅ እያጠበች የምታድር ሴት ነበረች። እንደ መንደሯ ሴቶች ሁሉ በገበቴ አሸዋ ዝቃ፣ ውሃው ውስጥ ጎንበስ ብላ እያዞረች፣ ከሥር የረጋችውን የወርቅ ቅንጣት ባዶ የላባ አገዳ ውስጥ ታጠራቅማለች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሁለቱ ገና በጡት ሳሉ ሞተውባታል። ሦስተኛው፣ አልአሚን፣ አድጎ ጢም ማብቀል ጀምሮ ነበር። ከደጋ የመጣው ጦር መንደሩን አቃጥሎ ባለፈበት ዓመት ከብት እየነዳ ወደ ጫካው ሲሮጥ ታየ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ወድቋል ያሉ ነበሩ፣ ከምርኮኛ ጋር ተነድቷል ያሉም ነበሩ። መቃብር ስለሌለው ለቅሶ አልተቀመጡለትም።

በዚያው ጦርነት የባሏ የረጀብ ወንድም ሞተ። ሚስቱ ኢንዓም ከሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች ጋር ቀረች። ሽማግሌዎች ረጀብን፣ የወንድምህን ልጆች ሜዳ ላይ አትጣል፣ እናታቸውን አግባት እያሉ ይወተውቱት ነበር። ረጀብ እሺም እምቢም አላለም። እምቢ ያለችው ዐፊፋ ነበረች። እኔ በሕይወት እያለሁ በዚህ ደጅ ሌላ ሴት አትገባም አለች። ሽማግሌዎቹም ነገሩን እያደር እናየዋለን ብለው ተነሡ።

ከዒድ በኋላ ያለው ወርም እንዲሁ ባዶውን አለፈ። ጡቷ ጠጠረ፣ ሆዷ ተነፋ። ዐፊፋ ከእንግዲህ አልጠራጠርም አለችና፣ ረጀብ ለአጥሩ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ አጠገቡ ቁጭ ብላ ነገረችው። ረጀብ ቢላውን መሬት ላይ አኖረ።

«የአልአሚን እናት፣ እውነት ነው?» አላት።

እውነት ነው አለችው። ልጁ ከጠፋ ወዲህ ጥርሱ ታይቶ የማያውቀው ሰው ሳቀ። ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ዓርብ እንመጣለን ብለዋል፣ ያኔ እምቢታዬን እነግራቸዋለሁ፣ ሚስቴ ፀንሳለች እላቸዋለሁ አለ። በማግስቱም ለሚመጣው ልጅ ብሎ ከቤቱ ጎን አዲስ ጎጆ መሥራት ጀመረ።

ሌላ ሌላው ነገር የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ዐፊፋ ጉልበቷ ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆማ ሳለች፣ ከደረቷ የተነሣ ግለት አንገቷንና ፊቷን ያቃጥላትና ላብ ያጠምቃታል። ሴቶቹ ንዳድ ነው ብለው መራራ ሥር ቀቅለው አጠጧት። ነገር ግን ንዳድ ሰውን አንቀጥቅጦ ራሱን ፈልጦ ነው የሚይዘው፤ ይህ ግን እንደ መጣ ይሄዳል፣ ሰውነቷም ወዲያው ይቀዘቅዛል። እንቅልፍም ራቃት። ጉልበቷን ይቆረጥማት ጀመር። ገንፎ ጥዳ ትረሳለች። አንድ ቀን ኢንዓም ምንጭ ላይ ቀድማት ውሃ ብትቀዳ፣ በልጆቿ ፊት ሰድባ አስለቀሰቻት፤ ወዲያው ደግሞ ምን ነካኝ ብላ በራሷ አፈረች።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲቃረቡ ደም አየች። በመጀመሪያ ጠብታ ነበረ፣ ቀጥሎ በረታ። ልጁ ወረደ ብላ እያለቀሰች የመንደሩን ሴቶች ወደሚያዋልዱት ወደ አሮጊቷ ኸድራ ሄደች።

ኸድራ አስተኝተው ሆዷን ዳሰሱ፣ ብዙም ጠየቋት። ከጾሙ በፊት ልማድሽ እንዴት ነበር አሏት። ዐፊፋ አስባው አታውቅም ነበር እንጂ፣ ስታስበው ካለፈው ክረምት ጀምሮ ተዛብቷል፤ በአንድ ወር ሁለቴ መጥቶ በሚቀጥለው ቀርቷል፣ አንዳንዴም ታይቶ ብቻ ይጠፋል። ስለ ግለቱ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ቁጣው ጠየቋት። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ የወረደ ልጅ የለም» አሉ ኸድራ። «የነበረም የለም። እያረጥሽ ነው።»

«እናቴ፣ ፀጉሬ እንኳን ገና አልሸበተም እኮ።»

«ማረጥ ሽበት አይጠብቅም። ባንድ ቀንም አያልቅም። ወንዛችን በበጋ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ጎደለ ስትይ ይሞላል፣ ሞላ ስትይ ይቆራረጣል፣ ኋላ ነው የሚደርቀው። በሽታ አይደለም፣ የአላህ ቁጣም አይደለም። እኔም፣ እናትሽም አልፈንበታል።»

ዐፊፋ፣ ታዲያ ለምን የነገረኝ ሰው የለም ብላ ጠየቀች። ኸድራ፣ ለእኛስ ማን ነገረን አሉ።

እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። መጀመሪያ ላልነበረው ልጅ ያለቀሰች መስሏት ነበር። ኋላ ግን ከአፏ የሚወጣው ስም የአልአሚን ሆነ። በሆዷ የጠበቀችው ሌላ ሰው አልነበረም፤ በእኔ በኩል ይመለሳል ብላ እሱን ስትጠብቅ ኖራለች። ኸድራ ለቅሶዋን አልከለከሏትም። ልትሄድ ስትነሣ ብቻ ፊቷን በውሃ አጠቡላት።

በመንገዷ ላይ ሌላ ሐሳብ መጣባት። ዓርብ ደርሷል። እስከዚያ ዝም ብትል ረጀብ ሽማግሌዎቹን ይመልሳል፣ የኢንዓም ነገርም ያኔ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ልጁ ወረደ ብትል ማን ያውቃል? እንዲህ እያለች ደጇ ደረሰች። ረጀብ አዲሱ ጎጆ ላይ ወጥቶ ሣር ይከድን ነበር። ከላይ ሆኖ ሲያያት ፊቱ በራ። ያን ፊት አይታ መዋሸት አቃታት።

«ና ውረድ» አለችው። ሲወርድም፣ «ልጅ የለም። ከእንግዲህም ከእኔ አይወለድም። አርጫለሁ» አለችው።

ረጀብ የያዘውን የሣር እስር መሬት ላይ ጣለ። «እኔ እኮ እሱ የሚመለስ መስሎኝ ነበር» አለ። የማንን ስም እንዳልጠራ ሁለቱም ያውቃሉ።

ተያይዘው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ዐፊፋም፣ ለሽማግሌዎቹ የምትለውን አንተ ታውቃለህ፣ በእኔ ሆድ ተማምነህ ግን እምቢ እንዳትላቸው አለችው።

ዓርብ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ረጀብ ስለ ጋብቻው ከመናገሩ በፊት፣ የልጄን ሞት ተቀብያለሁ፣ ሰደቃ ላወጣለት እፈልጋለሁ አላቸው። ፍየል ታርዶ ቁርዓን ተቀራለት፣ መንደሩም ተሰብስቦ አለቀሰለት። ዐፊፋ ከዚያ ወዲህ ወደ ጫካው መንገድ ማየቷን ተወች። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ረጀብ ኢንዓምን አገባ፤ አዲሱ ጎጆ የእሷና የልጆቿ ሆነ።

ለዐፊፋ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማልዳ ወንዝ ወርዳ መሸት ሲል ነበር የምትመለሰው፤ ከኢንዓም ጋርም ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጠችም። ግለቱ ለዓመታት ተመላለሰባት፤ ደሙም አልፎ አልፎ እየታየ ኋላ ጨርሶ ቀረ። የኢንዓም ትንሿ ልጅ ግን ከእናቷ ጎጆ እየወጣች እሷ ዘንድ መተኛት አበዛች፤ ዐፊፋም አልመለሰቻትም።

አንድ ክረምት ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን አሸዋ ሲያጥቡ ግለቱ መጣባትና ዐፊፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ኢንዓም ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምንም ብላ ታልፈው ነበር። ያን ቀን ግን ከረመዳኑ ጀምራ፣ የተዛባውን ደም፣ ላቡን፣ ቁጣውን፣ ያልነበረውንም ልጅ ሁሉንም ነገረቻት። አንቺም ትደርሽበታለሽ፣ ስትደርሺበት እንዳትደነግጪ አለቻት።

ኢንዓም ገበቴዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ሲያልቅ፣ «እህቴ፣ ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ ውሃውን እኔ እቀዳልሽ ነበር» አለች።

«ያን ጊዜማ እጠላሽ ነበር» አለች ዐፊፋ።

ኢንዓም፣ አውቃለሁ አለች። ከዚያም እጇን ይዛ አስነሣቻት፤ ሁለቱም ወደ ውሃው ተመለሱ።