«ሰሙን ስሙት» ይሉ የነበሩት ጋሽ ኑሩ

የሐይቁ ጀልባ ሞተረኛ የነበሩት ጋሽ ኑሩ ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ዐርፈው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሙስሊሙ መቃብር ተቀብረዋል። ለቀብሩ ያልደረሳችሁ፣ በጀልባቸው የተሳፈራችሁ፣ ከእጃቸው የዘፈን ሸክላ ተቀብላችሁ እስከ ዛሬ በቤታችሁ ያስቀመጣችሁ ሁሉ፣ ይህ ለእናንተ ተጽፏል።

ጋሽ ኑሩ የተወለዱት ከጣና ዳር፣ ታንኳ ከሚሠሩ ቤተሰብ ነው። አባታቸው ደንገል እያሰሩ ኖሩ፤ እሳቸው ዘመኑ ሞተር ሲያመጣ ወደ ሞተር ገቡ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደልጊንና ጎርጎራን በሚያዳርሰው ጀልባ ላይ ሲሠሩ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ጋር ጆሯቸው ይደነቁራል ብለን ስንጠብቅ ጭራሽ ተሳለ። ሞተሩ ገና ሳይታመም ሕመሙን ይሰሙት ነበር። አላጋነንሁም፤ እንደ እኔ ያለ ነጋዴ የሚያጋንነው የሚሸጠው ነገር ሲኖረው ነው።

እኔን ከእሳቸው ጋር ያወዳጀን ሸክላ ነው። ባሕር ዳር፣ በግሽ አባይ ሰፈር በኩል ካለችው ሱቄ ጓሮ አንዲት ክፍል ነበረችኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ የሸክላ ማጫወቻውን አወጣለሁ፤ ወዳጆች ያን ሰሞን የገዙትን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ ስሄድ አዲስ የወጣውን ከሳሙናው ካርቶን ሥር አድርጌ እመለሳለሁ። ጋሽ ኑሩ ደግሞ በደልጊ በኩል ከሱዳን ነጋዴዎች እጅ የገባውን ያመጣሉ። ማን ምን እንዳገኘ፣ የትኛዋ ዘፋኝ አዲስ እንደ ተነሣች፣ የየትኛው ባንድ ጥሩምባ ነፊ እንደ ተለወጠ፣ ወሬያችን ይኸው ነበር።

ሕጉን ያወጡልን እሳቸው ናቸው። አዲስ ሸክላ መጀመሪያ ሲዞር ማንም አይናገርም፤ «መጀመሪያ ለጆሮ፣ ሁለተኛ ለአፍ» ይሉ ነበር። ሌላው ሕጋቸው ለነጋዴ የሚዋጥ አልነበረም፤ ሸክላ የሚሆነው ለገዛው ሳይሆን አብልጦ ለወደደው ሰው ነው። ያመጡትን አሰምተው፣ ዓይኑ የረጠበውን ወይም እግሩ አላርፍ ያለውን ሰው ያዩና «በል ይዘህ ሂድ፤ አንተን ነው የፈለገው» ይሉታል። በዚህ ምክንያት የእሳቸው ቤት ባዶ፣ የእኛ ቤት ሙሉ ሆነ።

እሳቸው የሚሰሙት ነገር ከእኛ የተለየ ነበር። ዘፋኟ ከግጥሙ በፊት ትንፋሽ ስትስብ፣ የከበሮ መቺው ወንበር ሲንቋቋ ይሰማሉ። «ይህች ልጅ ጉንፋን ይዟት ነው የዘፈነችው፤ እንዴት አድርጋ እንደ ደበቀችው ስሙልኝ» ይሉናል። መርፌውን መልሰን ስናስቀምጥ እውነትም ይሰማናል።

አንድ ጊዜ እግሩ የተቆረጠ ዓሣ አስጋሪ ከሐኪም ቤት ወደ ደልጊ ሲመለስ በእሳቸው ጀልባ ተሳፈረ። ሰውየው ከማንም ጋር አይነጋገርም። ጋሽ ኑሩ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ማጫወቻቸውን አጠገቡ አስቀምጠው ሸክላ አደረጉበት፤ መርፌው እንዳይዘልም የሞተሩን ፍጥነት ቀነሱት። ጀልባው በሐይቁ ላይ ሲያዘግም ሌላው ተሳፋሪ አጉረመረመ። ጋሽ ኑሩ «ዛሬ ቤቱ ለመድረስ ያልቸኮለ ሰው ይዘናል፤ ስለዚህ አንቸኩልም» አሉ። ሰውየው ሲወርድ ሸክላውን ሰጡት። ማጫወቻ የለውም እኮ ብላቸው፣ «ሸክላው ካለ ማጫወቻው ይመጣል» አሉኝ።

ከእኛ ጋር መሪጌታ ላቀ ነበሩ፤ የቅኔ መምህር ናቸው። መጀመሪያ የመጡት ሊገሥጹን ነበር፤ ቆመው ጥቂት አዳመጡና ወንበር ጠየቁ። የእሳቸው ነገር ዘፈን ከሰሙ ሰሙን ጥለው ወርቅ መቆፈር ነው። አንዴ ጋሽ ኑሩ የሱዳን ሸክላ ቢያመጡ፣ መሪጌታ ዐረብኛ አንዲት ቃል ሳያውቁ ወርቁን አገኙት። ጋሽ ኑሩ ሳቃቸው ሲያባራላቸው «መሪጌታ፣ ወርቁን ሌባም ያየዋል። እባክዎ ሰሙን ስሙት» አሏቸው። ያኔ ይህ ቀልድ ነበር።

አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ የሚመጣው ሸክላ እያነሰ፣ የሚወሰደው ሰው እየበዛ ሄደ። በዚያው ወራት ጋሽ ኑሩ ከጎንደር በኩል አንድ አዲስ ሸክላ አመጡ። ዘፋኙን ማናችንም አናውቀውም። እንዲህ የሚል ነበረበት፤

ታንኳዬ ሄደና ማዶ ሳይደርስ ቀረ፣
ቀዛፊው በዝቶበት እዚያው ሲዞር ኖረ።

ለጆሮ ተብሎ ዝም አልን። ለአፍ ሲደርስ መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ። «ታንኳው አገራችን ነው፣ ቀዛፊዎቹ ደግሞ…» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ደርግ ማለት ኮሚቴ መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። ጋሽ ኑሩ የሰሙት ማሲንቆውን ብቻ ነበር፤ የመሪጌታን ደስታ ባዩ ጊዜ ግን በሕጋቸው መሠረት ሸክላውን አንሥተው ሰጧቸው።

እንዲህ ያለ ወርቅ በኪስ አይቀመጥም። ሳምንት ሳይሞላ ትርጉሙ በገበያው ከጨው ጋር ይታደል ጀመር፤ ዘፈኑን ያልሰማ ሁሉ ወርቁን ያውቃል። ማን ከማን እንደ ሰማ አልታወቀም፤ ሸክላው በማን እጅ እንደ መጣ ግን ታወቀ። ጋሽ ኑሩን ከወደቡ ወሰዷቸው።

እዚያ የሆነውን አንድ ጊዜ ብቻ ነግረውኛል። ሸክላው የት አለ ሲባሉ ባሕር ገባ አሉ። ትርጉሙን የፈታው ማነው ሲባሉ፣ «ጌታዬ፣ ይህ የታንኳ ዘፈን ነው። ቀዛፊዎቹ ካልተስማሙ ታንኳ ይዞራል፤ አባቴ ያስተማረኝም ይኸንኑ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። በዚያ ቤት ግን እንዲህ ያለ እውነት ከሹፈት ሁሉ የባሰ ሹፈት ነው። አባታቸውንም ሊያስጠሩ ፈልገው ነበር፤ አባትየውን ቀድመው መሞታቸው አዳናቸው።

መሪጌታ የጋሽ ኑሩን መያዝ ሲሰሙ እጃቸውን ሊሰጡ ተነሡ። ጋሽ ኑሩ ስንቅ በሚያቀብሉት ባለቤታቸው በወይዘሮ ዘይነባ በኩል መልእክት ላኩ፤ «መሪጌታ ተማሪዎች አሏቸው። እኔ ያለኝ ሞተር ነው፤ ሞተር ሌላ ሰው ያገኛል። እንዳይመጡ።»

ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት ሲገባ ለቀቋቸው። ጥርሳቸው ጎድሎ፣ ደረታቸው ተጎድቶ ነበር። እኛ ከሁሉ አብልጠን የፈራነው ለጆሯቸው ነው፤ ሐኪሙ አይቶ ጆሯቸው ደህና ነው አለ፤ ደስ አለን።

እሑድ ጠራናቸው። አንዲት አዲስ ልጅ የዘፈነችው ሸክላ ነበረኝ፤ ትንፋሿን ይወዱታል ብዬ ለእሳቸው ያቆየሁት ነው። ሕጉን ጠብቀን ዝም ብለን ሰማን። ሲያበቃ ጋሽ ኑሩ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሡ፣

«ምን ማለቷ ነው?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ከእሳቸው አፍ ሰምተን አናውቅም። መሪጌታ ደነገጡ።

«ምንም ማለቷ አይደለም፣ ኑሩ ወንድሜ። ልጅቱ ናፍቃለች፣ በቃ። ድምፅዋን ስማው።»

«‹አልመጣህም› የምትለው ማንን ነው?»

«ወዳጇን ነዋ።»

«ወዳጇ የት ሄዶ ነው ያልመጣው?»

በዚያ ዓመት ሄዶ ያልመጣ ሰው ብዙ ነበር።

«አያችሁ» አሉ ጋሽ ኑሩ ቀስ ብለው፣ «እዚያ ሆኜ የሌለ ወርቅ ስፈልግላቸው ከረምሁ። አሁን እሱ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ድምፁን አጣሁት።»

በሚቀጥለው እሑድ መሪጌታ ብልኃት ያገኙ መሰላቸው። ዋሽንትና ክራር ብቻ ያለበት፣ ቃል የሌለው ሸክላ ፈልገው ገዝተው መጡ። የቅኔ መምህር ቃል የሌለው ሸክላ ሲገዛ ያን ቀን አየሁ። ጋሽ ኑሩ እስከ ግማሹ ታገሡ፤ ከዚያ ተነሥተው መስኮቱን ዘጉና መርፌውን በገዛ እጃቸው አነሡት።

«ይኸስ ከሁሉ ይብሳል» አሉ። «ቃል ያለውን፣ ይህን ነው ያለው ብለህ ትከራከራለህ። ቃል የሌለው ምን እንዳላለ በምን ታስረዳለህ?»

ከዚያ ወዲህ ወደ ጓሮዋ ክፍል አልመጡም። ወደ ጀልባውም አልመለሷቸውም። ከሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አዲስ ስለ ወጣው ዘፈን ላወራቸው ስጀምር እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙኛል። አንድ ቀን ጀልባ ሲነሣ ሞተሩ ሲያስነጥስ እኔ እንኳ ሰማሁት፤ እሳቸው ዘወር አላሉም። ሸክላ ቀርቶ ካሴት መጣ፤ አንድም ካሴት አልሰሙም። የደረታቸው ሕመም እስኪጨርሳቸው ድረስ አንዲት ዜማ እንኳ በሰላም ጆሯቸው ገብታ እንደ ሆነ ወይዘሮ ዘይነባን ጠየቅኋቸው። «ሬዲዮ ሲከፈት ተነሥቶ ከቤት ይወጣ ነበር» አሉኝ።

ጋሽ ኑሩ፣ በሰላም ይረፉ ማለት ወግ ነው፤ እላለሁ። ከዚህ በላይ ልሸነግልዎ አልችልም። ያን ሁሉ የጠየቀዎትን መርማሪ ጥቂት ቆይተው ሌሎች ጠያቂዎች ወስደውታል፤ ለእርስዎ ግን ምን ረባዎት? መሪጌታ ቅኔ ማስተማሩን ትተዋል፤ ተማሪ ሲመጣ ዓይኔን አሞኛል ይላሉ። የጓሮዋን ክፍል ባዶ ካርቶን ሞልቼባታለሁ፤ ከባዶ ካርቶን በቀር የሚገባ ዕቃም የለም። ልጆች አዲስ ካሴት ገዝተው መንገድ ላይ ያሰሙኛል፤ ጥሩ ነው እላቸዋለሁ። ጥሩ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም፤ ማንን እጠይቃለሁ? እዚያ የቀደሙዎት ወዳጆቻችን ብዙ ናቸው። ከበው «አዲስ ነገር ምን አመጣህልን?» ይሉዎት ይሆናል። ምንም የለም ይበሏቸው።