ያስማለችው አማካሪ

ቆሰበር ላይ ለጠጪዎች የሚሆኑ አማካሪዎች ሲሰለጥኑ እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ጠጪ ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል እንድነግራቸው። ያሳደግሁትን የልጅ ልጄን አረቄ ይዞት ነበር። ከጫግኒ፣ ከጭነት ሥራ የተመለሰው ከነሱሱ ነው።

አሰልጣኙ ለመለማመጃ እኔን ጠጪ አደረገኝ። አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ለምን አይተዉትም?»

«አንቺስ ጨው ለምን አትተዪም?» አልኋት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አሰልጣኙ አልሳቀም። «ጠይቃችሁ አድምጡ። ሰው ቢወድቅም ተመልሶ የሚመጣበት በር ይኑረው። አደራ፣ አታስምሉ» አላቸው። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

የልጅ ልጄ የደረሰው ለእሷው ነበር። ጤና ጣቢያው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስለሆነ የሚታለፈው በደጀ ሰላሙ ነው። በየሳምንቱ ይሄድ ጀመር። «ምን አለችህ?» ስለው «ምንም። ታዳምጠኛለች» ይለኛል። ድንች መኮትኮት ጀመረ፤ ፈረሱንም አጠበ።

አንድ ቀን፣ ሳይጠጣ ሰንብቶ ሲመጣላት ደስታዋን አልቻለችውም። ይዛው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ደጁን ስሞ ዳግመኛ ላይቀምስ ማለ። እኛ አገር ሰው የሚሳሳለትን የሚያስረው እንዲህ ነው።

በጥር፣ ፈረስ ጉግስ ሲወጣ፣ ባልንጀሮቹ መለኪያ አቀበሉት። ጠጣ።

«ሂድና ንገራት» አልሁት።

«በየት አልፌ፣ እማ? በማልሁበት ደጅ?»

ጤና ጣቢያ ሄጄ ተቆጣኋት። «አታስምሉ ሲባል አብረን አልነበርን?»

«የሚያመልጠኝ መስሎኝ ነው፣ እማማ። አባቴንም አስምለውት ነበር።»

«ታዲያ ተወ?»

እንባዋ መጣ።

በእሷ ላይ ብቻ ሲፈረድ ግን አልወድም። ካሰለጠኗት ወዲህ መጥቶ «የቱ ላይ ከበደሽ?» ያላት ሰው የለም። ወረዳ ሄጄ ይህንኑ ተናገርሁ። «ሌላ ስልጠና ይዘናል፣ እናታችን» ብለው ሸኙኝ። አዲሶቹንም እንዲሁ አሰልጥነው ሊበትኗቸው ነው።

ልጅቷ እስከ ቤቴ መምጣት ጀመረች። የልጅ ልጄ ግን ድምጿን ሲሰማ በጓሮ አጥር ይወጣል። በደጀ ሰላሙ ላለማለፍ ገበያ እንኳ የሚሄደው በወንዙ ዞሮ ነው። በዚያ በኩል ያሉት ደግሞ አረቄ ቤቶች ብቻ ናቸው።