ባለቤቴ በዐውሎ ነፋሱ ዓመት

በስዊዘርላንዷ ዋሊሰለን ከተማ እሳት የሚያጠፋው፣ ለሌላም አደጋ የሚደርሰው ራሱ የከተማው ነዋሪ ነው። መምህሩ፣ አናጢው፣ ፖስታ አዳዩ ሲጠሩ ሥራቸውን ጥለው ይሮጣሉ፤ ቡድኑን ፎየርቬር ይሉታል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ፣ በገበያ ማዕከሉ ጫማ ትሸጥ የነበረችው ባለቤቴ «እኔም ልመዘገብ ነው» አለችኝ። የወሎ ልጅ፣ ቁመቷ ከትከሻዬ የማያልፍ ሴት!

ታላቅ እህቴ ከጄኔቭ፣ ከሜራን ደወለች። «ሚስትህ ጣሪያ ላይ ስትወጣ ዝም ብለህ ልታይ ነው?»

«መች ፈቃድ ጠየቀችኝ» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ያን ዓመት ነፋሱ አላስቀምጥ አለ። ሐምሌ ላይ ዐውሎ ነፋስ እንደ ገመድ ተጠማዞ ከሰማይ ወረደና ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ገበሬ በረት ጣሪያ ገነጣጥሎ ጣለ። ባለቤቴ ከጓዶቿ ጋር ሸራ ስትወጥር ውላ፣ እጇ ተቧጭሮ ገባች። ሰላም እንኳ ሳትለኝ «ላሞቹ ተርፈዋል» አለች።

የከፋው በብርዱ ወራት መጣ። የፈረንጆቹ ገና ማግስት ነው፤ እኛ ረመዳን ላይ ነበርን። ረፋዱ ላይ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ፣ የጣሪያ ሸክላ እንደ ቅጠል ይበር ጀመር። የጥሪ መሣሪያዋ ጮኸ።

«ጾመኛ ነሽ እኮ! ጉልበቱን ከየት ታመጪዋለሽ?» አልኳት ቦቲዋን ስታስር።

«ነፋሱ እስካፈጥር ይጠብቀኛል? አብሽር» ብላ፣ በሻሿ ላይ ሄልሜቷን ደፍታ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ከመንገዱ ማዶ ትልቅ ዛፍ ተገንድሶ የአንድ አዛውንት ጎረቤታችን ቤት ላይ ወደቀ። ደረጃው በቅርንጫፍ ስለተዘጋ ላይኛው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። የእሳት መኪናው ደረሰ። ከቡድኑ ቀጭኗ እሷ ነበረችና መሰላሉን ወጥታ በተሰበረው መስኮት ሾልካ ገባች። ልጃችንን አቅፌ ከቤታችን አያለሁ። ቆየችብኝ። በመጨረሻ ብቅ አለች፤ ከኋላዋም አዛውንቱ፣ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ ግማሹ ሳሙና እንደሆነ። እሷ ከታች ሆና እግራቸውን በየመወጣጫው እያሳረፈች አወረደቻቸው። እየጮህኩ አጨበጨብኩ፤ በዚያ ነፋስ ማን ሊሰማኝ!

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተምርና ዳቦ ይዤላት ወደ ጣቢያቸው ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሲቆርጡ ለዋሉት ሰዎች ሾርባ እየተቀዳ ነበር። አለቃቸው ሰዓቱን አየና «ለማፍጠር ስንት ቀራት?» አለኝ።

«ጥቂት ደቂቃ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አስቀመጡ። ሰዓቱ ሲደርስ «ቢስሚላህ» ብላ ተምሯን ቀመሰች፤ ያኔ ሁሉም መብላት ጀመሩ።

ለእህቴ ደውዬ ስነግራት «እስቲ እሷን አገናኘኝ» አለች። ሲሳሳቁ አመሹ።

በማግስቱ ዳቦ ልንገዛ አብረን ወጣን። የማላውቃቸው ሰዎች እየቆሙ ይጨብጧታል። ሻጯም ወደኔ ዞር ብላ «ባለቤትዎ ናት?» አለችኝ።

በተሰባበረው ጀርመንኛዬ፣ የተሰለፈው ሁሉ እንዲሰማ «አዎ፣ ባለቤቴ ናት!» አልኩ።