አባዬ ሂንዲ የተናገረ ቀን

ዛሬ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የጋለ አስፋልት ዝናብ ሲነካው የተነሳው ሽታ በሐሳብ ወደ ህንድ፣ ወደ ሙምባይ ወሰደኝ። እዚያ ስሄድ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እዚህ ታክሲ የሚነዳው አባቴ፣ በወጣትነቱ የተማረበትን፣ እንግሊዞች የሠሩትን አሮጌ ዩኒቨርሲቲ ሊያሳየኝ ይዞኝ ሄደ። ዘበኛው በሩ ላይ «ለጎብኚ ዝግ ነው» ብሎ መለሰን። ተሳፋሪዎች በእንግሊዝኛ አነጋገሩ ሲስቁበት የማፍርበት አባዬ፣ ሂንዲውን እንደ ውሃ አወረደው። ዘበኛው ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ጨበጠውና አስገባን።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባለቀለም መስታወቱ ብርሃኑን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶታል። አባዬ እንጨቱን ዳበሰና «እነሱ ለራሳቸው ክብር ሠሩት፤ እኛ ግን ተማርንበት» አለኝ።

ያኔ ነገሩ አልገባኝም። ቀጥ ብሎ መቆሙን ግን አይቼ እኔም ቀጥ አልኩ።

አሁን ሰው «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» ሲለኝ፣ «ታክሲ ነጂ ነው» ለማለት እንደ ድሮው ድምፄን ዝቅ አላደርግም።