ሳይቀየር የቀረው ዘይት

ከሱዳን ድንበር ብዙም በማትርቀው ሸሕዲ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ኡመይርን ያውቀዋል። ሾፌር ስለሆነ አይደለም፤ ሾፌርማ ሞልቷል። እሱ የሚታወቀው በሞተር ዘይት ነው። ሌሎቹ ሾፌሮች መናኸሪያው ጥላ ሥር ጨዋታ ሲይዙ፣ ኡመይር የሚኒባሱን የፊት ወንበር አንስቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዛል፤ በጨርቅ ይጠርገዋል፤ መልሶ ይከተዋል፤ እንደገና መዝዞ ጠብታዋን በሁለት ጣቶቹ መሐል እያሸ ያሸታታል። “ዘይቱ” እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አይቆጣም።

መንዳት የተማረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። በጎረምሳነቱ ሰሊጥ ሊያጭድ ተሻግሮ፣ አንድ የእርሻ ባለቤት ወዶት ትራክተር ላይ አወጣው። ሞተር በአቧራና በሐሩር እንዴት እንደሚበላ በዓይኑ ያየው እዚያ ነው። ከዓመታት በኋላ አገሩ ገብቶ አሮጌ ሚኒባስ ሲገዛ፣ የሸጠለት ሰው “በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት ቀይር” አለው። ኡመይር ግን በየሦስት ሺው ይቀይር ነበር።

“አምስት ሺው ለደጋ ነው” ይላል ለምን ሲሉት። “እኛ ዘንድ አቧራው አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ጭነቱ አለ። ደግሞ ኬላ ላይ ሞተር ሳታጠፋ ግማሽ ቀን ስትገተር ኪሎ ሜትሩ አይቆጥርም። ዘይቱ ግን ያረጃል።”

ፊልትሮውንም አብሮ ይቀይራል። አሮጌ ፊልትሮ ላይ አዲስ ዘይት ማፍሰስ፣ ለእሱ ባልታጠበ እንስራ ንጹሕ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ሚኒባሷ ከሸሕዲ መተማ ዮሐንስ እየተመላለሰች ቤቱን አቆመችለት። ሚስቱ ሩፊዳ ገበያ ላይ ወይካ ትሸጣለች፤ ባሚያውን ራሷ አድርቃ፣ ራሷ ወቅጣ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሙባረካ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ኑሯቸው የሚያስቀና ባይሆንም ምሽት ላይ ከግቢያቸው ሳቅ ይሰማ ነበር። የሚያስቃቸው ሩፊዳ ናት፤ ተሳፋሪ ከኡመይር ጋር ሲጨቃጨቅ እያስመሰለች።

ከዚያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሆነ። በጋላባት በኩል ይገባ የነበረው ዕቃ ሁሉ ቀጠነ፤ ጥሩ ዘይትም አብሮ ጠፋ። በዚህ በኩል ደግሞ የጎንደር መንገድ በተኩስና በእገታ ሰበብ አንድ ቀን ተከፍቶ ሳምንት ሙሉ የሚዘጋ ሆነ። ሱቆቹ ውስጥ ዘይት የለም ማለት አይደለም። አለ። ግን ከየጋራዡ የተጠራቀመው ጥቁር ዘይት ተጣርቶ፣ አዲስ ጀሪካን ውስጥ ተሞልቶ፣ ክዳኑ ታሽጎ ይሸጥ ነበር። ያንን ጨምረው ሞተራቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ነበሩ። ኡመይር ሦስት ሺውን አለፈ፤ አምስት ሺውንም አለፈ። ፊልትሮውን በናፍጣ አጥቦ መልሶ ገጠመው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም።

ሩፊዳ ጡቷ ላይ እብጠት እንዳለ የነገረችው በዚያው ሰሞን ነው። ስታውቀው ቆይታለች። “መንገዱ ዝግ ነው፤ ብነግርህስ ምን ታደርገዋለህ?” አለችው። እዚያው ሸሕዲ ያዩዋት ሐኪሞች ወደ ጎንደር ጻፉላት። መንገዱ ግን ያን ጊዜ ጨርሶ ተዘግቶ ነበር። ይከፈታል እየተባለ ክረምቱ ገባ፤ ክረምቱም ወጣ። እብጠቱ እያደገ ብብቷ ሥር ደረሰ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መኪኖች በማግሥቱ በወታደር ታጅበው ወደ ጎንደር እንደሚወጡ ተወራ። ኡመይር ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ፈንቴ ጋራዥ ነዳ። ፈንቴ የጎጃም ሰው ነው፤ ቆላ ወርዶ መካኒክ ከሆነ ቆይቷል፤ ኡመይርን እንደ ታላቅ ወንድሙ ያከብረዋል። አንድ የታሸገ ጀሪካን አወጣና ከፈተው። ሁለቱም ጣታቸውን ነከሩ፤ አሸተቱ።

“ጋሽ ኡመይር፣ ልዋሽዎት አልፈልግም” አለ ፈንቴ። “የገዛሁት አዲስ ነው ተብዬ ነው። እኔ ግን አላመንኩትም።”

“የተቃጠለ ይሸታል።”

“ይሸታል። አይ፣ የእርስዎም ቢሆን ሬንጅ ሆኗል እኮ። ነገ ባይሄዱስ?”

“ነገ ካልሄድኩ ሌላ ነገ መቼ እንደሚመጣ ታውቃለህ?”

ኡመይር ጀሪካኑን ዘጋው። “የማላውቀውን ከምጨምር የማውቀውን ይዤ ልውጣ” አለ። ፈንቴ ከአንድ ትራክተር የተረፈች ጥቂት ንጹሕ ዘይት ጨመረለት። ልኳ ሞላ፤ ቀለሟ ግን ያው ጥቁር ነበር።

በማግሥቱ ሩፊዳን ጋቢና አስቀምጦ፣ ኋላውን ተሳፋሪ ሞልቶ ወጣ። ሙባረካን ጎረቤት ዘንድ ተዋት። ከፊቱም ከኋላውም መኪና ነው። ሜዳውን ደህና ሄዱ። ወደ አይከል የሚወስደው ዳገት ላይ ግን የዘይቱ ቀይ መብራት ብልጭ አለች፤ ጠፋች፤ ከዚያ በርታ ቀረች። ከሥር ኳኳታ ተሰማ።

ያቺ መብራት ስትበራ ወዲያው ሞተር ማጥፋት እንዳለበት ከኡመይር በላይ የሚያውቅ የለም። ግን አጀቡ የቆመን አይጠብቅም። ከኋላ ጥሩምባ ይጮኻል፤ ተሳፋሪው “ንዳው! ንዳው!” ይላል። ሩፊዳን ዞር ብሎ አያት። እጇን ጡቷ ላይ አድርጋ መንገዱን ታያለች።

“ምንድን ነው የሚያንኳኳው?” አለች።

“ምንም አይደል” አለና ነዳጁን ረገጠ። ዳገቱን ቢጨርስ ከተማ ይደርሳል። ብዙም አልሄደም። ሞተሩ ከፍ ያለ ድምፅ አሰማ፤ ጎማው ተንገጫገጨ፤ መኪናዋ ቆመች። ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ አልነቃነቅ አለው። ነክሶ ቀርቷል።

አንድ ወታደር እየሮጠ መጣ። “ሰው ይውረድ! መኪና አይጠበቅም፤ ሌላው ላይ ውጡ!”

ተሳፋሪው እየተጋፋ የሰሊጥ ጭነት ያለበት አይሱዙ ላይ ተንጠላጠለ። ኡመይር ሩፊዳን ደግፎ ወደ ጋቢናው ወሰዳት።

“አንተስ?” አለችው።

“እኔ መኪናዋን ይዤ እቀራለሁ። ትቻት ብሄድ አንድ ብሎን አይተርፋትም።”

“እዚህ በረሃ ላይ? ሰው የሚታገትበት ላይ?” እጁን አስለቅቃ መንገዱ ዳር አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። “እንግዲያው እኔም አልሄድም።”

“ሩፊዳ፣ ተነሽ። የእንጀራችን ነገር ነው።”

“አውቃለሁ። አልሄድም አልኩህ።”

ወታደሩ ጮኸ። አይሱዙው መንቀሳቀስ ጀመረ። ኡመይር ሮጦ የሚኒባሷን በሮች ቆለፈ፤ መስኮቶቹን ዘጋ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሩፊዳን አንሥቶ የአይሱዙው ጋቢና አስገባት፤ እሱም ከጭነቱ ላይ ወጣ። መኪናዋን ከላይ ሆኖ እስክትሰወር አያት።

ጎንደር አንዲት ወጣት ሐኪም ሩፊዳን መረመረቻት። ኡመይርን ለብቻ ጠርታ “ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ...” አለችና አልጨረሰችውም። ወጥቶ ሩፊዳ ያለችበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

“ምን አለችህ?”

“መድኃኒት አለው አለች።”

“አንተ ሰው፣ ውሸት አትችልበትም” አለችና ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ ወረደ።

መንገዱ ከኋላቸው ተዘጋ፤ ስልክም ተቋረጠ። አንድ ዘመድ ግቢ ውስጥ በተሰጣቸው ክፍል ሰነበቱ። ሩፊዳ በየቀኑ “ሙባረካ በላች ይሆን?” ትላለች። ከዚያ መናገር አቃታት። አንድ ዓርብ ጠዋት አረፈች፤ ከጁምዓ በኋላ ጎንደር ተቀበረች። ልጇ አልሰማችም፤ መርዶውን የሚያደርሱበትም መንገድ አልነበረም።

መንገዱ ሲከፈት ኡመይር በአውቶቡስ ተሳፍሮ ወረደ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ሚኒባሷን አየ። መስታወት የላት፣ ጎማ የላት፣ ወንበር የላት፤ ሞተሯም ተነቅሎ ተወስዷል። ሾፌሩ ያውቀው ነበርና “ላቁምልህ?” አለው። ኡመይር “አይ” ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሸሕዲ የደረሰው ከሰዓት ነው። ሙባረካ ለጎረቤት እንዳልከብድ ብላ ወደ ቤቷ ተመልሳ፣ የእናቷን ባሚያ ግቢው ውስጥ አስጥታ ነበር። በሩ ሲንኳኳ እየሮጠች ከፈተች። አባቷን አየችው። ከዚያ በትከሻው በኩል ወደ መንገዱ ተመለከተች፤ ከኋላው የምትመጣውን ፈልጋ።

“እማዬስ?” አለች።

ኡመይር ገና ከደጁ አልገባም ነበር።