ጉርሻ የማይቆጠር መስሎኝ

ጫማዬን ሳወልቅ ሶሉን በስቶ የገባ ሚስማር ተረከዜ ላይ ተሰክቶ አገኘሁ። ቀኑን ሙሉ ወረታ ገበያ ስዞርበት፣ ሩዝ መፈልፈያዬ ውስጥ ስቆምበት ውያለሁ፤ ቁንጫ የነከሰኝ ያህል እንኳ አልተሰማኝም። ክው አልኩ። ሐኪሙ እግሬን አገላብጦ አየና፣ "ስኳርዎ በሦስት ወር ውስጥ ካልወረደ ይህ እግር ሊቆረጥ ይችላል" አለኝ። ፈራሁ። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ አምስት ዓመት ቢሆነኝም ከእግሬ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እስከዚያች ቀን አልገባኝም ነበር።

አዲስ አበባ ያለችው ልጄ አሰልጣኝ ቀጠረችልኝ። በስልክ! እኔ አሰልጣኝ የማውቀው የኳስ ነው። ይቺ ግን የምበላውንና የምራመደውን የምትቆጣጠር ወጣት ሴት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን "አባባ" ስትለኝ ቅጥል አልኩ። ሃምሳ ስድስት ዓመት አባባ ያሰኛል? ጋሼ ብትለኝ ምን ነበረበት! ቀጥላ ደግሞ "ሩዝ ይቀንሱ" አለችኝ። ፎገራ ተቀምጦ፣ ሩዝ እየፈለፈሉ፣ እንጀራው ራሱ ሩዝ የተቀላቀለበት ሆኖ! ስልኩን ልዘጋባት ነበር፤ እግሬን አየሁና ተውኩት።

ቁስሉ ሲድን ያለችኝን ሁሉ አደረግሁ። ጠዋት ጠዋት እስከ ጎንደር መውጫ ድረስ እሄዳለሁ፤ ባጃጅ ነጂዎቹ "ምን ነካዎት፣ ይግቡ እንጂ!" እያሉ ያሳቅቁኛል። ምሳ ላይ አንድ እንጀራ ብቻ ለይቼ፣ ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። ጣቴን ወግቼ ስለካ ግን ስኳሬ ያው ሁለት መቶ ሰማንያ።

"አባባ፣ ሌላ የበሉት ነገር የለም?"

"የለም።"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ስዋሻት እንዳይመስላችሁ፤ ከልቤ ነው። በእጄ ቆርሼ የበላሁት እሱኑ ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ምሳ ላይ አሰልጣኟ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን ጣሳ አስደግፈን ቀረብን። ባለቤቴ እንግዳ እያየ ዝም ብሎ መብላት ነውር ሆነባትና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ስልኩ ዘረጋች።

"በሞቴ፣ የኔ ልጅ፣ አንዴ!"

ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። የተጠቀለለ ጉርሻ መቼም አይጣልም፤ ወደ እኔ ዞረ። ጎረስኩ። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው ተከተለ። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው የኖርነው።

ልጅቷ መሳቋን አቆመች። "አባባ፣ ይሄን ለምን አልነገሩኝም?"

"የቱን?"

"ጉርሻውን! ስምንት ቆጠርኩ!"

"ኧረ ተይ! ጉርሻ ደግሞ ምሳ ነው እንዴ?"

"ከእንጀራዎ ይበልጣል እኮ!"

ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ግን ዘጠነኛውን ጉርሻ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። "ለካ እግሩን የማስቆርጠው እኔ ነኝ?" አለች። ልጅቷ "እንደሱ አይደለም፣ እማማ" እያለች ብታባብላትም፣ ጉርሻውን ሰሃኑ ላይ መልሳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አንጀቴን በላችው።

ከዚያ ወዲያ ጉርሻ ቀረ። መናኸሪያ እንደተገናኘን መንገደኞች ዝም ብለን እንበላለን። ስኳሬ መቶ ስልሳ ገባ። አሰልጣኟ በደስታ ስትጮህ እኔ አኮረፍኩ። "ምን አደረግሁሽ?" ብዬ ባለቤቴን ስነዘንዛት "ዝም ብለህ ብላ!" ትለኛለች።

እግሬም በየቀኑ እንዲታይ ታዘዘ። ጠዋት በራፍ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ፤ ባለቤቴ ጣቶቼን አንድ በአንድ በጥጥ ትነካለች። "ይሰማሃል?" ስትለኝ፣ ደስ ይበላት ብዬ "አዎ" እላታለሁ። አንድ ቀን ምንም ሳትነካኝ ብትጠይቀኝ "አዎ፣ በደንብ!" ብዬ ተያዝኩ። ጥጡን ፊቴ ላይ ወረወረችው።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ሐኪሙ፣ "እግርዎ አይቆረጥም፤ የደነዘዘው ግን ላይመለስ ይችላል" አለ። ባለቤቴ እዚያው እልል አለች፤ ተረኛው በሽተኛ ደንግጦ በሩን ከፈተው።

በማግስቱም ጥጧን ይዛ መጣች።

"ይሰማሃል?"

"አይሰማኝም" አልኳት፤ እውነቱን ስነግራት የመጀመሪያዬ ነው።

"ይሄስ?"

"እሱም አይሰማኝም።"

ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ መሬት ወድቋል፤ ትንሹን ጣቴን በመዳፏ ጨብጣዋለች።

"ይዤዋለሁ እኮ" አለችኝ።